የቤተሰብ ዓምድ፦ አሮጌው ብረት ለበስና የሸጎሌው ልጅ



ለዚህ ዓምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አንዱ የተላከው ከሸጎሌ ነው። ጸሐፊዋ የሦስት ልጆች እናት ናቸው። ደብዳቤው አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም፤ እኛ ግን ሁለት ጊዜ አነበብነው። እንዲህ ይላል፦ «የ16 ዓመት ልጄ ኮምፒዩተር ላይ የጦርነት ጨዋታ ይጫወታል። ሶላቱን አይተውም፤ ትምህርቱም ደህና ነው። ነገር ግን ከጨዋታው ውስጥ አንድ አሮጌ የወታደር መኪና መርጦ ቀኑን ሙሉ ወሬው እሱ ሆኗል። እኔ ደግሞ ወንድሜ ወታደር ነው። ያ መኪና ሲቃጠል ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይረበሻል። ጨዋታውን ላጥፋበት ወይስ ልተውለት? በዚሁ ጨዋታ ሰበብ አንድ ጊዜ አላህ ከትልቅ ጭንቀት አውጥቶኛል፤ እሱን በአካል ስንገናኝ እነግራችኋለሁ።»

እንዲህ ላለው ጥያቄ ወንበር ላይ ተቀምጦ መልስ መስጠት ይቀላል። «ጨዋታ ጊዜ ይገድላል» ብሎ መጻፍና መዝጋት ነው። ይሁንና የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር አላስቀመጠችንምና አንድ ቅዳሜ ከዙህር ሶላት በኋላ ወደ ሸጎሌ ወጣን።

ሸጎሌን የሚያውቅ ብዙ ነው፤ ስሙ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ሰፈሩ የተጠራው በቤኒ ሻንጉሉ ገዥ በሼህ ሆጀሌ አል-ሐሰን ስም ነው፤ የአዲስ አበባ መኖሪያቸው እዚህ ነበር። «ሼህ ሆጀሌ» ሲባል ሲባል በአፍ እየተሟሸ «ሸጎሌ» ሆነ። ዛሬ ሰፈሩ በከብት ገበያውና በአውቶቡስ ዴፖው ይታወቃል። ለዒድ አል-አድሓ በግ የገዛ ሰው መንገዱን አይስተውም። እኛም በበጎች መሐል አልፈን፣ ከአንድ ጠባብ ቅያስ ገብተን ወደ እኚህ እናት ቤት ደረስን።

ሻይ ቀረበ፤ ልጁም ተጠራ። መጀመሪያ ላይ አፈር ብሎ አንገቱን ደፋ። ስለ መኪናው ስንጠይቀው ግን ሌላ ሰው ሆነ።

ጨዋታው «አርማ 2» ይባላል። የሠራው ቦሂሚያ ኢንተራክቲቭ የተባለ የቼክ አገር ድርጅት ነው። ልጁ የሚጫወተው እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣውን «ኦፕሬሽን አሮውሄድ» የሚባለውን ክፍል ነው። ለምን የቆየ ጨዋታ መረጥህ ብንለው ሳቀ፤ «ኮምፒዩተሩም የቆየ ነዋ!» አለን። አጎቱ ያገለገለ ገዝቶለት ነው። ጨዋታውንም ያገኘው ከጓደኛው ፍላሽ ላይ ገልብጦ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል እናድርግ፤ አውሮፓ ውስጥ በሚሸጡ ጨዋታዎች ሽፋን ላይ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚሆኑ ይታተማል። በፍላሽ ተገልብጦ ከቤታችን የሚገባው ጨዋታ ግን ሽፋን የለውም። ወላጅ ምን እንደገባ የሚያውቀው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ካየ ብቻ ነው።

ልጁ የወደደው መኪና በአማርኛ «ብረት ለበስ ወታደር ማጓጓዣ» የምንለው ዓይነት ነው። ጨዋታው ውስጥ ሁለት አሮጌዎች አሉ፤ የአሜሪካው ኤም 113 እና የሶቪየቱ ቢቲአር 60። ጓደኞቹ ሁለቱንም «ቆርቆሮ» ይሏቸዋል። ስድብ ይመስላል እንጂ ከእውነት የራቀ አይደለም። ኤም 113 በአሜሪካ ጦር ውስጥ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። አካሉ አሉሚኒየም ነው፤ የተሠራውም በአውሮፕላን ተጭኖ እንዲሄድ ቀለል ተደርጎ ነው። ሁለት ሠራተኞችና 11 ወታደሮች ይይዛል፤ ከሚኒባስ ታክሲያችን የተሳፋሪ ቁጥር ብዙም አይለይም። የጠመንጃ ጥይትና የመድፍ ፍንጣሪ ይመክታል፤ አርፒጂ ከመታው ግን አለቀለት። ያም ሆኖ ልዩ ልዩ ዓይነቱ ሲደመር ከ80 ሺህ በላይ ተሠርቶ ዓለምን ሞልቷል። አሜሪካ የሚተካውን አዲስ መኪና ለጦሯ ማደል የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው፤ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ2022 ደግሞ 200 አሮጌ ኤም 113 ለዩክሬን ሰጥታለች። ስድሳ ዓመት ያለፈው መኪና ጡረታ አልወጣም።

ቢቲአር 60 ስምንት ጎማ አለው። ሁለት የቤንዚን ሞተሮች ከኋላው ተቀምጠዋል። ይህን «ከኋላ» የሚለውን ቃል አንባቢ ልብ ይበልልን፤ እንመለስበታለን።

ልጁን «ከዘመናዊዎቹ ሁሉ ለይተህ ይህን ለምን ወደድከው?» አልነው። መልሱን እንዳለ እናስቀምጠው፦ «አዲሶቹን ማንም ይነዳቸዋል። ዝም ብለህ ትገባለህ፣ ትተኩሳለህ። ይሄ ግን ደካማ ስለሆነ ማሰብ አለብህ። ከኮረብታው ጀርባ ታቆመዋለህ፣ ሰዎቹን ታወርዳለህ፣ እነሱ በእግር ይሄዳሉ። ይዘሃቸው ከገባህ ሁሉም አንድ ላይ ያልቃሉ።»

የ16 ዓመት ልጅ የተናገረው ይህ ነገር ብዙ ሰው ሕይወቱን ከፍሎ የተማረው ነው። መኪናው የታሰበው ለታክሲነት ነበር፤ ወታደሩን እስከ ጦር ሜዳው ጫፍ አድርሶ እንዲያወርድ እንጂ ውጊያው መሐል እንዲገባ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 1963 በቬትናም፣ አፕ ባክ በምትባል መንደር፣ የደቡብ ቬትናም ጦር ኤም 113ቶቹን እየነዳ ወደ ተኩሱ ገባ። መትረየስ ተኳሾቹ ከወገባቸው በላይ ከጣሪያው ወጥተው የቆሙ ነበሩና ብዙዎቹ ተመተው ወደቁ። ለተኳሹ የብረት ጋሻ የተሠራለት ከዚያ ወዲህ ነው። ኋላም ፈንጂ ሲበዛ ወታደሮቹ ሆዱ ውስጥ መቀመጥን ፈርተው ጣሪያው ላይ መሳፈር ጀመሩ። ሊጠብቃቸው የተሠራውን ብረት ሸሽተው ማለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ልጁ የማያውቀው ነገር እዚህ ላይ ነበርና።

በጨዋታው ውስጥ ታኪስታን የሚባል አገር አለ። በካርታ የለም፤ ፈጠራ ነው። ተራራማና አቧራማ ነው፤ ከመንደሮቹ መሐል ሚናራ ይታያል። የአገሩ ጦር ኤም 113ም ቢቲአር 60ም አለው፤ የአሜሪካና የሶቪየት አሮጌ መሣሪያ ተደባልቆ። ልጁ ይህ ያስቀው ነበር። «ከሁለቱም ጠላቶች የገዛ ጦር የት አለ?» ይላል።

ልጄ ሆይ፣ እዚሁ ነበር! ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የወታደራዊ እርዳታ ስምምነት የፈረመችው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። በንጉሡ ዘመን ከአሜሪካ ከመጡት መሣሪያዎች መካከል ኤም 113 ነበረበት። ደርግ መጣ፤ በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. በአስመራ የነበረውን የአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ ዘጋ። የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ገብቶ ሳለ በኅዳር 1970 ዓ.ም. የሶቪየት አውሮፕላኖች በገፍ መሣሪያ ማራገፍ ጀመሩ። በዚያ ዘመን ከሶቪየት ከመጡት መካከል ቢቲአር 60 እና ከእሱ በዕድሜ የሚበልጠው፣ ጣሪያ እንኳ የሌለው ቢቲአር 152 ይገኙበታል። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. በካራማራ ድል ሲገኝ ወታደራችን በሁለት ተቃራኒ መንግሥታት ብረት ላይ ተሳፍሮ የነበረ ሠራዊት ነው። የማዶውም ወገን ቢሆን ቀደም ሲል ሶቪየት ያስታጠቀው ነበር። የዚያ ዘመን ጦርነቶች ብረት በየቦታው ቀርቷል፤ ከአስመራ ዳርቻ የዛገ ታንክና መኪና ተራራ አክሎ የተከመረበት ሜዳ አለ።

ስለ ታኪስታን ካነሣን አንድ ቅሬታችንን ሳንናገር አናልፍም። በእነዚህ ጨዋታዎች ታሪክ ውስጥ አዲሱ መኪና ሁልጊዜ የመጣው ጦር ነው፤ አሮጌው የአገሬው ነው። የሚቃጠለውም አሮጌው ነው። ሚናራ ያለበት መንደር የሚታየው በዓላማ መምቻ መስታወት ውስጥ ነው። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2022 ወጣቶችን ለመሳብ የራሱን ጨዋታ ሠርቶ በነፃ ሲያድል ነበር። ይኸው የቼክ ድርጅትም ከጨዋታው ጎን ለጎን የእውነት ጦር የሚሠለጥንበትን «ቪቢኤስ» የተባለ ፕሮግራም አውጥቷል። ስለዚህ «ጨዋታ ነው» ብለን ብቻ የምናልፈው ነገር አይደለም። ይህንን ለልጁ ስንነግረው ቀና ብሎ አየንና «እኔ እኮ ሁሌም የምሰለፈው ከታኪስታን ወገን ነው» አለ። ጨዋታው ወገን መርጦ የራስን ውጊያ ማዘጋጀት ይፈቅዳል። እሱም ለካ እነዚያን ቆርቆሮዎች ሳይቃጠሉ እንዴት እንደሚያተርፋቸው ሲፈልግ ነው የሚውለው። ዝም አልን።

እናቱ ቃል የገቡልንን ነገሩን። የሰሜኑ ጦርነት እንደገና ያገረሸው በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነበር። ታናሽ ወንድማቸው በሜካናይዝድ ክፍል ሾፌር ነው። ስልኩ ከተቋረጠ ቀናት አልፈዋል። አንድ ማታ ጎረቤት የላከላቸው ቪዲዮ ስልካቸው ላይ ገባ። ጨለማ ነው፤ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅ የለውም። ብረት ለበስ መኪኖች በሰልፍ ሲሄዱ አንዱ ይመታል፣ ይነዳል። ከሥሩ «የእኛዎቹ ናቸው» የሚል ጽሑፍ አለ። እኚህ እናት ከመሬት ወደቁ። ቤቱ በለቅሶ ተናጋ፤ ሰው ተሰበሰበ፤ ድንኳን ይተከል የሚልም ነበር።

ያኔ ልጁ 13 ዓመቱ ነው። ስልኩን ከወለሉ አንሥቶ አየ፤ ደግሞ አየ። «እማዬ፣ ይሄ ጌም ነው» አለ። አንድ አጎት ሊመታው እጁን አነሣ። ልጁ ግን አልሸሸም፤ እያለቀሰ ማስረዳቱን ቀጠለ። መኪናው ኤም 113 ነው፤ ሰንሰለቱ ይዞራል፣ አቧራው ግን አይነሣም። ሦስቱም መኪኖች የሚነዱት በአንድ ዓይነት እሳት ነው፤ ጭሱ ቁርጥራጭ ሆኖ ይደጋገማል። ከመኪናው የሚወጣም፣ የሚሮጥም፣ የሚወድቅም ሰው የለም። የምስሉ ጠርዝ ተቆርጧል፤ በዚያ ጥግ የጥይት ቁጥር መጻፍ ነበረበት። ከዚያ አሮጌውን ኮምፒዩተር ከፍቶ ያንኑ መኪና አምጥቶ አነደደላቸው። ቤቱ ጸጥ አለ።

ልጁ አላወቀም እንጂ ከሦስት ወር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022፣ ጨዋታውን የሠራው ድርጅት ራሱ መግለጫ አወጣ። ከታናሹ ጨዋታ ከ«አርማ 3» የተቀረጹ ምስሎች የዩክሬንና የሌሎች ጦርነቶች እውነተኛ ቪዲዮ እየተባሉ መሠራጨታቸውን ገልጾ፣ ሰው እንዴት እንደሚለያቸው ዘረዘረ። የምስሉ ጥራት ማነስ፣ የካሜራው መንቀጥቀጥ፣ ጨለማው፣ የድምፁ አለመኖር፣ ሰው ሲንቀሳቀስ አለመታየቱ፣ የእሳቱና የጭሱ ከተፈጥሮ ውጭ መሆን፤ የሸጎሌው ልጅ ካለው ብዙ አይርቅም።

በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ይዞ የመጣን ሰው ነገሩን አጣርተን እንድንቀበል መታዘዛችንን ሁላችንም እናውቀዋለን። በዚያ ማታ ያንን ትእዛዝ የፈጸመው ሁላችንም «ጊዜውን በከንቱ ያጠፋል» የምንለው ልጅ ነበር። የላከው ጎረቤት ሶላት የማያልፈው ሰው እንደነበረም እናቱ ነግረውናል፤ ክፋት አስቦ አልነበረም፤ ደርሶት አስተላለፈ።

እኛ በዚህ ደስ ብሎን ልጁን ማመስገን ስንጀምር እናቲቱ አቋረጡን። «ቪዲዮው ውሸት ነው ማለት ወንድሜ ደህና ነው ማለት አልነበረም» አሉ። «ከዚያ በኋላ 19 ቀን ጠብቄአለሁ። ልጄ በዚያ ማያ ገጽ ላይ የሚያወጣቸው ሰዎች ቢያልቁበት እንደገና ይጀምራል። የእኔ ወንድም እንደገና የለውም።» ወንድማቸው በሃያኛው ቀን ደወለ፤ አልሐምዱሊላህ። ይኸው እስከ ዛሬ ስለዚያ ወር አንድ ቃል አይናገርም።

ስለዚህ ጥያቄአቸው ቀላል አልነበረም። ላጥፋበት ወይስ ልተውለት? እኛ ያልነው ይህ ነው። አያጥፉበት። ነገር ግን ኮምፒዩተሩ ከመኝታ ቤት ወጥቶ ሳሎን ይቀመጥ። ከመግሪብ በኋላ አይከፈት። ከሁሉም በላይ ልጁ ስለዚህ መኪና የሚያውቀው ከአንድ ወገን ብቻ ነውና ሌላውን ወገን የሚነግረው ሰው ይፈለግለት። እናቲቱ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ወዲያው ተቀበሉ። በሦስተኛው ላይ ትንሽ አሰብ አድርገው «ከታችኛው ቅያስ አንድ ሰው አሉ፤ እጠይቃቸዋለሁ» አሉን።

በሳምንቱ ቅዳሜ ተመለስን። ሰውዬው የሰፈሩ ልጆች «ጋሼ መካኒክ» የሚሏቸው አዛውንት ናቸው። ወደ ሰባ ዓመት ይጠጋሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ጋራዥ ሲሠሩ ኖረው አሁን ቤት ውለዋል። ከጋራዡ በፊት ግን በ1970 ዓ.ም. ሐረርጌ ውስጥ የቢቲአር ሹፌር ነበሩ። ይህን ከሰፈሩ ሰው የሚያውቀው ጥቂት ነበር።

መነጽራቸውን አድርገው ወደ ማያ ገጹ ተጠጉ። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩ።

«ቀለሙ ልክ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ጎማውም ልክ ነው።»

ልጁ ፈጠን ብሎ ያወቀውን ሁሉ ዘረገፈላቸው፤ ስምንት ጎማ፣ ሁለት ሞተር፣ ውኃ ላይ እንደሚንሳፈፍ። ጋሼ መካኒክ ሳቁ። «እሱን እኛም ተምረናል። ውኃ ላይ ይንሳፈፋል ብለው ሲያሠለጥኑን ከረሙ። ኦጋዴን ደርሰን የምንጠጣው ጠፋ!» ከዚያ ስለ ሞተሮቹ ነገሩት። አንደኛው ሞተር ቀጥ ሲል በሌላው እየጎተቱ ይሄዱ ነበር፤ እያንዳንዱ ሞተር የራሱን ጎማዎች ነው የሚያዞረው። ሙቀቱ ብረቱን አያስነካም። የቤንዚኑ ሽታ ከአፍንጫ አይወጣም። በትንሿ መስታወት የሚታየው ከፊት ያለው መኪና ያስነሣው አቧራ ብቻ ነው። ልጁ አፉን ከፍቶ ያዳምጣል። «ጨዋታው ውስጥ እኮ ከውጭ ሆነህ ማየት ትችላለህ» አላቸው። «ታድላችሁ» አሉት።

ልጁ መኪናውን አስነሣ። ስምንት ወታደሮች ጭኖ ወደ አንዲት መንደር አቀና። ከኮረብታው ጀርባ አቆመ። ይህን ሲያደርግ ጋሼ መካኒክ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደስ አላቸው። ልጁ አንድ ቁልፍ ነካ፤ ወታደሮቹ ከመኪናው ጎን ቆመው ታዩ።

«ቆይ» አሉ ጋሼ መካኒክ። «በየት ወጡ?»

«ወጡ እኮ፤ ይኸው።»

«በየት በኩል?»

ልጁ ግራ ተጋባ። «በቃ… ይወጣሉ፣ ጋሼ። ቁልፉን ስትነካው ይወጣሉ።»

ጋሼ መካኒክ ጣታቸውን ማያ ገጹ ላይ አደረጉ፤ ከመኪናው ኋላ። «እዚህ በር የለም። ሞተሩ ነው የተቀመጠው። አሜሪካ ሠራሹ ከኋላ ይከፈት ነበር፤ ሰው ብረቱን ተከልሎ ይወርዳል። የእኛው በላይ ነው።» ጣታቸው ወደ ጣሪያው ወጣ። «በዚች ቀዳዳ ነው። አንድ በአንድ። ጎንም ጠባብ መውጫ አለው፤ ትጥቅ የለበሰ ሰው ግን ይያዛል። ተኩስ እየዘነበ ከሆነ መጀመሪያ ጭንቅላትህን ነው የምታወጣው። እኔ ሹፌር ነኝ፤ ፊት ነኝ፤ ከኋላዬ እነሱ ሲወጡ እሰማለሁ። የሚወጡትን በጫማቸው ድምፅ እቆጥራለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…»

አልጨረሱትም። እናቲቱ ከጓዳ በር ላይ ቆመው ነበር፤ ሻዩን እንደያዙ።

ልጁ እጁን ከቁልፉ ላይ አንሥቶ ወታደሮቹን እያየ ቆየ። ከዚያ ሁሉንም መልሶ አሳፈራቸው። መኪናውን ወደ ኋላ፣ ከኮረብታው በጣም ራቅ ወዳለ ቦታ ነዳው።

«እዚህ ላይስ፣ ጋሼ? ለሁሉም የሚበቃ ጊዜ አለ?»

ጋሼ መካኒክ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ትንሽ ራቅ አድርገው» አሉት።